የአያሌው ምንሽርና አንዲት «ተ»

መርሳ ላይ ሰው ሁሉ መሳሪያውን ሲቀብር ቆፍሮ ያወጣ አንድ ሰው ቢኖር አያሌው ነው። ሞኝ ነው እንዳትሉ፤ ሞኝ አይደለም፣ ሕግ አክባሪ ነው። ድሮ ድሮ በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ እያለ የሚከራከር ሰው አይጠፋም ነበር። ከአያሌው ወዲህ ግን ክርክሩ ቀርቷል።

በአባቱ ስም የሚጠራው የለም። «አያሌው ምንሽር» ነው የሚባለው። ከመርሳ በላይ ካለው ደጋ ወርዶ በአውራው መንገድ ዳር የአቶ ዓሪፍ የማሾ መጋዘን በር ላይ ዘበኛ ሆኖ የተቀመጠው ገና ጺሙ ጥቁር ሳለ ነው። አሁን ጺሙም ጠጉሩም ነጭ ነው። ከውርጌሳ የሚመጣ ሚኒባስ ሁሉ እዚያ በር ላይ ሲደርስ ረዳቱ «ምንሽሩ ጋ ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮሃል። ሰው በሕይወት እያለ በስሙ ፌርማታ ሲሰየምለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ትልልቆቹ ሹማምንት እንኳ ያላገኙት ክብር ነው።

ዓሪፍ የቀጠረው ምንሽሩን አይቶ ነው። ይህንንም አይደብቅም። «ወላሂ እኔ የቀጠርሁት ምንሽሩን ነው፤ አንተ ተሸካሚው ነህ» እያለ ያሾፍበታል። አያሌውም ይስቃል። ምን ያድርግ፣ እውነት ነው! ዱላ የያዘ ዘበኛ በየበሩ ሞልቷል፤ ፈቃድ ያለው የገዛ መሳሪያ ይዞ የሚመጣ ግን የት ይገኛል?

ምንሽሩ ከራሱ ከአያሌው በዕድሜ ይበልጣል። ረጅም ነው፣ ከባድ ነው። ሰደፉ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ አባቱ በመዳብ ሽቦ ጠምጥመው አስረውታል። አመልም አለው። ሊያቀባብሉት ሲሉ ድርቅ ይላል፤ ጉልበት ቢጨምሩበት ይብሳል። እጀታውን ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ራስ ሳብ አድርጎ፣ በመዳፍ ሥር አንድ ጊዜ ብቻ መምታት ነው። ይህን አባቱ ለአያሌው አሳዩት፤ አያሌው ልጅ የለውምና ለማንም አላሳየም።

ይህ ምንሽር ምን እንደበላ ካልነገርኋችሁ ግን ነገሩ አይገባችሁም። በሰባ ሰባት፣ በዚያ ክፉ ቀን፣ የአያሌው አባት ቤት የቀረው ሁለት በሬ፣ አንዲት ላምና ምንሽሩ ነበር። በሬዎቹ ሄዱ። ላሚቱ ሄደች። ከዚያ አንድ ነጋዴ ከቆላ መጣና ምንሽሩን በማሽላ ልለውጣችሁ አለ። አባትየው እምቢ አሉ። «መሳሪያ የሌለው ሰው ድንበሩ አይከበርለትም። ክፉ ቀን ያልፋል፤ መሬቱን ከተቀማሁ በኋላ ምን ላደርግ ነው የምተርፈው?» አሉ። ነጋዴው ማሽላውን ጭኖ ሄደ። የአያሌው ታናሽ እህት፣ እናኑ የምትባል፣ ገና ጥርሷ ያልተነቀለ ሕፃን፣ በዚያው ሰሞን ሞተች። መሬቱ ግን ተረፈ፤ የደፈረው የለም። አባትየው እውነታቸውን ነበር። እናትየው ደግሞ እስኪሞቱ ድረስ ያንን መሳሪያ ምንሽር ብለው ጠርተውት አያውቁም። «ያን የእናኑን ዋጋ ከፊቴ አንሡልኝ» ነበር የሚሉት። አያሌው እንግዲህ ትከሻው ላይ አንግቶ የዞረው ይህንን ነው።

ጦርነቱ መርሳ ሲገባ አያሌው ምንሽሩን በቅባት አሽቶ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ደጋ ላይ ቀበረው። ጦርነቱ ሲወጣ ቆፍሮ አወጣው። ፈቃዱ ግን በመሀሉ ጊዜው አልፎበት ነበር። ቆየት ብሎ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ፤ መሳሪያ ያላችሁ ፈቃድ አሳድሱ፣ ያላሳደሰ ሕገወጥ ነው ተባለ።

«ቅበረው» አለችው ሚስቱ ዘነበች። ዘነበች ነገር አታበዛም። «ሰው ሁሉ መልሶ ሲቀብር አንተ ምን ቆርጦህ ይዘህ ትወጣለህ?»

«እኔ ፈቃድ ያለኝ ሰው ነኝ። ፈቃድ ያለው ሰው አይደበቅም። ደግሞ ቀብሬው ዓሪፍ በር ላይ ምን ይዤ ልቁም? ሙቀጫ?»

«እስቲ እናያለን» አለች።

የምዝገባ ቡድኑ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ መርሳ ላይ አንድ የሠርግ አዳራሽ ተከራይቶ ተቀመጠ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። የግል፣ የድርጅት፣ የመንግሥት፣ ከታች ደግሞ በቀይ የተከለከለ ይላል። ሰልፉ አጭር ነበር። አጭር መሆኑ ራሱ አንድ ነገር ሊነግረው ይገባ ነበር።

አያሌው ወረቀቱን አንብቦ ግራ ገባው። መሳሪያው የራሱ ነው፤ የሚጠብቅበት ግን ድርጅት ነው። ታዲያ የቱ ነው? ከፊቱ የቆመው የውርጌሳ ሰው ሳይጠየቅ አስረዳው። «የድርጅት ነው ካልህ ዓሪፍ ያባረረህ ዕለት መሳሪያውም እዚያው ይቀራል። የግል ነው ካልህ ደግሞ ቤትህ ሰቅለህ ታየዋለህ እንጂ ሥራ አትይዝበትም። እንዲህ አድርገው ነው የሚበሉህ።» ሁለቱም መንገድ ገደል ሆነበት።

ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ሊዲያ የምትባል ልጅ ናት። እውነቱን እንናገር ካልን ደግ ልጅ ናት፤ ሰውን ቀና ብላ ታያለች፣ አታንጓጥጥም። ኮምፒውተሯን እየነካካች ጠየቀችው።

«አባባ፣ መሳሪያው የግል ነው የድርጅት?»

«የግሌ ነው ልጄ። ግን ድርጅት ነው የምጠብቅበት።»

«እንግዲያውስ የግል ነው። ሥራ ላይ ሊይዙት ቀጣሪዎ ደብዳቤ ይጽፉልዎታል፤ መሳሪያው ግን የእርስዎ ነው። ከሥራ ቢወጡም አብሮዎት ይወጣል። ነጠላ ተኳሽ ስለሆነም ከተከለከለው ጋር አይገናኝም።»

«ተመስገን! አንቺን የወለደች እናት ትባረክ!» አያሌው በዚያ በውርጌሳ ሰውዬ ሊስቅ ዞር አለ፤ ሰውየው ግን ሄዷል።

«አሁን ደግሞ አመጣጡን ይንገሩኝ። ግዢ ነው? ስጦታ ነው?»

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። አያሌው ማለት የነበረበት «ወረስሁት» ነው። ከአባቴ ወረስሁት፤ አለቀ። ግን የደጋ ሰው ነው። የደጋ ሰው «አባቴን ወረስሁ» አይልም። ነውር ነው። ሞቱን ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ የኖረ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ሳጥን የከፈተ ያስመስላል። «ለኔ ደረሰ» ይባላል፣ «የአባቴ ነበረ» ይባላል፣ እኔ የሚለው ነገር ተሸፋፍኖ ይታለፋል። አያሌውም በዚያች ደግ ልጅ ፊት አባቱን ላለማዋረድ አንገቱን ሰበር አደረገና «የተወረሰ ነው» አለ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ሊዲያ ፊት ኮምፒውተሩ ላይ «በውርስ» የሚል አለ፤ ከሥሩ ደግሞ «የተወረሰ» የሚል አለ። እሱ ያለውን ቃል፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ፈልጋ አገኘችውና ነካችው። ምን አጠፋች? ምንም።

የገዛ አማርኛችን ነው የፈጀን እኮ! አባት ሞቶ ለልጁ ሲተው ውርስ ነው፤ መንግሥት ካንዱ ነጥቆ ሲወስድም ውርስ ነው። ደርግ የሰው ቤት ሲወስድ ምን ተባለ? ተወረሰ። ነጣቂውንና ወላጁን ባንድ ቃል የሚጠራ ሕዝብ የእጁን ነው የሚያገኘው። አንዲት «ተ» ናት፤ አንዲት ትንሽ «ተ»።

አያሌው ግን ደስ ብሎት ነው ወደ ቤቱ የሄደው። «አየሽ?» አላት ዘነበችን። «የግል ነው። የትም ብሄድ አብሮኝ ይሄዳል።» ዘነበች ሽንኩርቷን መክተፏን ቀጠለች።

ከወር በኋላ ስልክ ተደወለለት። መሳሪያህን ይዘህ ወልድያ ናና አዲሱን ፈቃድ ውሰድ ተባለ። ምንሽሩን ወለወለ፣ የመዳብ ሽቦውን በአመድ አሽቶ አብለጨለጨው፣ በጋቢ ጠቅልሎ ሚኒባስ ተሳፈረ። ሲሪንቃን ሲያልፉ ከጎኑ የተቀመጠችውን ሴትዮ «ፈቃድ ላሳድስ ነው» አላት፤ ማንም ሳይጠይቀው። እንዲህ ነው ደስታ፤ ያስለፈልፋል።

ወልድያ ላይ የጠበቀው ኃላፊ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ፣ ከፊቱ የወረቀት ክምር ያለበት ሰው ነው። ኮምፒውተሩን አየ፣ አያሌውን አየ።

«የተወረሰ ይላል።»

«አዎ ጌታዬ።»

«ከማን ነው የተወረሰው?»

«ከአባቴ።»

«አባትዎ ምን አጥፍተው ነው የተወረሱት?»

አያሌው አልገባውም። «አባቴማ ጥፋት የለበትም። ሞተ እንጂ።»

«የሞቱት ከመወረሳቸው በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት ነው እንጂ! በቁሙማ ማን ይወርሰዋል?»

«እሺ፣ ማን ወረሳቸው?»

«እኔ ነኛ!»

«እርስዎ ማን ነዎትና ይወርሳሉ? መውረስ የመንግሥት ሥልጣን ነው!»

አጠገባቸው ያለው ጸሐፊ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወጣ። ኃላፊው ግን አልሳቀም። ኮምፒውተሩን መልሶ አየና ገባው፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ደነዝ ሰው አይደለም። ደነዝ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሰው ደነዝን ሰድቦ ይገላገላል።

«ገብቶኛል አባቴ» አለ። «በውርስ ማለትዎ ነው። ግን የኔ መግባት ምን ይፈይዳል? እዚህ ላይ የተወረሰ የተባለ መሳሪያ የመንግሥት ንብረት ነው፤ በግል ሰው ስም ፈቃድ አውጣ ስለው እምቢ ይለኛል። የድሮው የወረዳ መዝገብ እንዳለ በጦርነቱ ጠፍቷል፤ አሮጌው ፈቃድዎም አመጣጡን አይናገርም። መሳሪያውን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ መጥተው የአባቱ ነው ብለው ይመስክሩልዎ፤ አስተካክለዋለሁ። እስከዚያ መሳሪያው እዚህ ግምጃ ቤት ይቆያል።»

«እዚህ?»

«ሕጉ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር። ኮምፒውተርን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው። አያሌው ጋቢውን ገፈፈና ምንሽሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። ሲመለስ ባዶ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር።

ዘነበች ስትሰማ አላለቀሰችም፤ ተናደደች። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል! አሁን ‹ወረስሁት› ብትል ምን ነበረበት? ምላስህ ይቆረጥ ነበር?»

«ነውር ነዋ።»

«ነውር! በል እንግዲህ ነውርህን አንግተህ ዘበኛ ቁም!» አለችና ነጠላዋን አጣፋች። «እኔ እሄዳለሁ። እኔ እመሰክራለሁ።»

«ሚስት ለባሏ አትመሰክርም አሉ።»

በማግስቱ ደጋ ወጣ። ሦስት ምስክር ማግኘት ምን ችግር አለው? ያን ምንሽር የማያውቅ የአገር ሰው የለም። በየለቅሶው ተተኩሷል፣ በየሠርጉ ተፎክሮበታል። መጀመሪያ የሄደው አበልጁ ሲሳይ ዘንድ ነው። የሲሳይን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሣው አያሌው ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ደንቡ አንቱ ይባባላሉ።

«አበልጅ፣ ምንሽሩን አያውቁትም?»

«አያውቁትም? ምን ማለትዎ ነው! እናቴን የቀበርን ዕለት አባትዎ በሱ አይደል የተኮሱላት?»

«እግዜር ይስጥልኝ። ይህንኑ ወልድያ መጥተው ይበሉልኝ።»

የሲሳይ ፊት ተለወጠ። ዓይኑ ወደ ጓሮው ሸሸ። ጓሮው ውስጥ፣ ከጌሾው ሥር፣ አንድ ክላሽ ተቀብሯል። አያሌው ያውቃል፤ ጉድጓዱን አብሮ የቆፈረው እሱ ነው።

«አበልጅ…» አለ ሲሳይ። «‹አንተ የሰው መሳሪያ እንዲህ ለይተህ የምታውቅ፣ ያንተስ የታለ?› ካሉኝ ምን እመልሳለሁ? እኔ ልጆች አሉኝ።»

«እንዲያ አይሉዎትም።»

«ካሉኝስ?» ሲሳይ እንባው መጣ። «በእማምላክ ይዤዎታለሁ አበልጅ፣ ሌላ ነገር ይጠይቁኝ። በሬ ይጠይቁኝ፣ ፈትቼ እሰጥዎታለሁ። ይህን ግን አይጠይቁኝ።»

አያሌው ሌላ ቤት ሄደ። እዚያ ደግሞ «እኔ እንኳ ዓይኔ ደክሞ መሳሪያ ከመሳሪያ አልለይም» ተባለ። ሌላው ቤት ውሻው ታስሮ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ከውስጥ ሰው እየሳለ «የለም» ተባለ። ያ ሁሉ አገር ምንሽሩን ያውቀው ነበር፤ ሲመሽ ጠቅላላ ረሳው። የደበቁት መሳሪያቸውን ይዘው ቀሩ፤ ይዞ የወጣው አጣ። ይህን የፈረደ ዳኛ ካለ ስሙን ንገሩኝ!

ዓሪፍ አልተኛም። ወልድያ ድረስ ሄዶ ጮኸ። «እዚህ ሰውዬ ትከሻ ላይ ስንት ዘመን አይቸዋለሁ!» አለ። «እርስዎ የሚያውቁት በሱ ትከሻ ላይ ነው፤ በአባቱ ትከሻ ላይ አይተዋል?» አሉት። ዓሪፍ ሐሰት አይናገርም፤ አላየሁም ብሎ ተመለሰ። ቀኑ አለፈ፤ ምስክር ያልቀረበለት መሳሪያ ለመንግሥት ገቢ ሆኗል ተባለ።

«አብሽር» አለው ዓሪፍ፤ ዓይኑን ግን አላየውም። «እኔ አንተን አልጥልም። ግን ማሾው የሰው አደራ አለበት፤ ባዶ እጅህን በር ላይ ባቆምህ ሌባው ነው የሚስቅብህ። ግባና ከለቃሚዎቹ ጋር ሥራ።»

አያሌው ገባ። ከሴቶቹ ጋር መሬት ተቀምጦ ማሾ ከጠጠር ይለቅም ጀመር። ሴቶቹ የመጀመሪያ ቀን አፍረውለት ዝም አሉ፤ እየዋለ እያደረ ለመዱትና ዘፈናቸውን ቀጠሉ። ውጭ ረዳቶቹ አሁንም «ምንሽሩ ጋ ወራጅ!» እያሉ ይጮሃሉ። በጮሁ ቁጥር አያሌው እጁ ማሾው ውስጥ ቀጥ ይላል።

ክረምቱ እንደወጣ አዲስ ዘበኛ መጣ። ዓሪፍ ታጣቂ ስጡኝ ብሎ አመልክቶ ነው ከሚሊሻ የተመደበለት። ዳዊት ይባላል፤ ፂሙን የሚንከባከብ፣ ሰላምታ የማይነፍግ ሰው ነው። በሩ ላይ ወንበሯን ስቦ ተቀመጠ። አያሌው ከውስጥ ሆኖ ቀና አላለም።

ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ድምፅ ሰማ። ቀጭ፣ ከዚያ ምንም። ቀጭ፣ ከዚያ ምንም። ከዚያ የዳዊት ስድብ። አያሌው ያን ድምፅ ከሰው ሳል ለይቶ ያውቀዋል። ተነሣ። ጉልበቱ ላይ የቀረውን ገለባ እንኳ ሳያራግፍ ወደ በሩ ወጣ።

ምንሽሩ ዳዊት ጭን ላይ ነው። የመዳብ ሽቦው ጠቁሯል።

«ይገርምዎታል ጋሼ» አለ ዳዊት፤ «እንደምንም ብለው የሰጡኝ ይህን አሮጌ ነው። አላቀባብልም አለኝ። ይህ ሽቦ ደግሞ እጄን ላጠኝ፤ አሁን ፈትቼ ነው የምጥለው።»

«አትፍታው» አለ አያሌው። «ሰደፉ ለሁለት ይከፈላል። እስቲ ስጠኝ፣ ላሳይህ።»

እጁን ዘረጋ። ዳዊት መሳሪያውን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገ፤ በክፋት አይደለም፣ በትምህርት ነው።

«የመንግሥት መሳሪያ ነው ጋሼ። ለሲቪል አልሰጥም። ይቅርታ ያርጉልኝ።»

አያሌው የተዘረጋ እጁን አየው። ከዚያ ሰበሰበው። ትቶት ቢገባ ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድበትም። ግን እምቢ ያለ መሳሪያ የያዘ ሰው ሌሊት ሌባ ሲመጣበት እንደሚሞት አባቱ ነግረውታል፤ ይህም ሰው የሰው ልጅ ነው።

«እጀታውን ወደ ላይ ግፋው» አለው፣ እጁን ከኋላው አጣምሮ። «እንደዚያ። አሁን ወደ ራስህ ሳበው። አትታገለው። በመዳፍህ ሥር ምታው፤ አንዴ ብቻ።»

ዳዊት መታው። ተከፈተ። እንደ ቅቤ ሄደለት።

«አቤት! እንዴት አወቁት ጋሼ?»

«ወረስሁት» አለ አያሌው። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ለቃሚዎቹ ሴቶች ሁሉ ዘፈናቸውን አቁመው ዞሩ። «ከአባቴ ወረስሁት!»

በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ይህን ቃል ከአፉ ያወጣው። ዳዊት ራሱን ነቀነቀና አንድ ጊዜ ደግሞ አቀባበለ፣ ለመልመድ ያህል። አንድ ሚኒባስ ከውርጌሳ በኩል መጥቶ ቆመ። ረዳቱ «ምንሽሩ ጋ ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ዳዊት መሳሪያውን ትከሻው ላይ አነገተና፣ እሱን የጠሩት መስሎት፣ ፈገግ ብሎ እጁን አነሣላቸው።

አያሌው ወደ ማሾው ተመለሰ።